ስድስት ቅዳሜ በአዳማ፦ የሜቶዲስቶችን የተልእኮና የአምልኮ ታሪክ የሚያስተምረው ኮርስ እንዴት ነው?

በአዳማ ከተማ ፖስታ ቤት አካባቢ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ለመዘምራን፣ ለአምልኮ መሪዎችና ለወንጌል ሥርጭት አገልጋዮች የተሰጠውን የስድስት ቅዳሜ ኮርስ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ተከታትዬ ጨርሻለሁ። የኮርሱ ጉዳይ የሜቶዲስት ምእመናን፣ ማለትም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በጆንና በቻርልስ ዌስሊ የተጀመረው የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ ተከታዮች፣ የተልእኮና የአምልኮ ታሪክ ነው። አሰልጣኙ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው ኪቦርድ እየተጫወቱ መዘምራንን ያጅቡ እንደነበር በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። ክፍያው ለስድስቱም ቅዳሜ 1,200 ብር ነው፤ የተባዛው ጽሑፍና የእረፍት ሰዓት ሻይም በዚሁ ይጠቃለላል። ትምህርቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል የሚቆይ ሲሆን፣ በእኛ ዙር ሃያ ስምንት ሰዎች ተመዝግበን ሃያ አራታችን እስከ መጨረሻው ዘልቀናል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልጻፍሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስመዘገብ የፈለግሁት የድምፅ ልምምድና የኅብረ ዝማሬ ትምህርት ነበር። በአጥቢያችን መዘምራን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሳገለግል ሲያስጨንቀኝ የኖረው ሁልጊዜ የድምፅ ጉዳይ ነው፤ ሶፕራኖው ከአልቶው ጋር እንዴት ይስማማ፣ ሚክሰሩን ማን ያስተካክል፣ የበዓሉ ዩኒፎርም መቼ ተሰፍቶ ይድረስ እያልሁ ስባዝን፣ የምንጽፈው መዝሙር ለማን እንደሚጻፍ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ኮርሱ ይህን ጥያቄ ገና በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ፊቴ አስቀመጠው፤ እስከ ስድስተኛዋም ድረስ አልለቀቀኝም። ይህን ግምገማ የምጽፈውም በዋናነት ስለዚያ ጥያቄ ነው።

ትምህርቱ የጀመረው ከቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ከመርከብ ነው። በጥር 1736 ጆን ዌስሊና ወንድሙ ቻርልስ ከእንግሊዝ በሰሜን አሜሪካ ወደነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደ ጆርጂያ ለተልእኮ ሲጓዙ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ማዕበል ተነሣ፤ ዋናው ሸራ ተቀደደ፣ ውኃው መርከቧን አለበሳት፣ እንግሊዛውያኑ ተሳፋሪዎችም ይጮኹ ጀመር። አብረዋቸው የሚጓዙት ሞራቪያውያን የሚባሉ ጀርመናውያን ፕሮቴስታንቶች ግን የጀመሩትን መዝሙር ሳያቋርጡ ዘመሩ። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ጆን ዌስሊ አንዱን ጠጋ ብሎ አልፈራችሁም ወይ ሲለው፣ ሴቶቻችንና ልጆቻችንም ሞትን አይፈሩም የሚል መልስ አገኘ። ለሌሎች ሊሰብክ የተነሣው ካህን እርሱ ራሱ በመዝሙር ተሰበከ። የጆርጂያው አገልግሎት ሳይሳካለት ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ግንቦት 24 ቀን 1738 ለንደን ውስጥ አልደርስጌት በተባለ መንገድ በተደረገ ትንሽ ጉባኤ፣ የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መግቢያ ሲነበብ ልቡ እንግዳ በሆነ ሙቀት ሲሞቅ የተሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሰልጣኙ ይህን ታሪክ በቃል ብቻ አላለፉትም። ሃያ የምንሆነውን የፕላስቲክ ወንበሮቹን እንድናንኳኳና እንድንጮኽ፣ ስምንቱን ደግሞ መካከላችን ቆመው ሁላችንም የምናውቀውን አንድ የቆየ መዝሙር ሳያቆሙ እንዲዘምሩ አዘዙ። እኔ ከሚያንኳኩት ወገን ነበርሁ። መጀመሪያ ላይ የስምንቱ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም ነበር፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን እጄ ሳላስበው ከመዝሙሩ ምት ጋር መሄድ ጀመረ፤ ቀና ብዬ ስመለከትም አጠገቤ ያሉት ሁሉ እንደ እኔው ሆነዋል። በሌላ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ማብራሪያ ይህን ያህል አያስረዳም ነበር።

ሁለተኛዋ ቅዳሜ ከሁሉ የበለጠ ይዘት የነበራት ናት። በ1739 በእንግሊዝ የብሪስቶል ከተማ አብያተ ክርስቲያናት በራቸውን ሲዘጉባቸው፣ መጀመሪያ የዌስሊዎች ጓደኛ የሆነው ሰባኪ ጆርጅ ኋይትፊልድ፣ ቀጥሎም ጆን ዌስሊ ወደ ሜዳ ወጥተው ኪንግስዉድ በተባለው ስፍራ ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መስበክ ጀመሩ። ኋይትፊልድ ያየውን ሲገልጽ፣ ከጉድጓድ በወጡት ሰዎች ጥቁር ጉንጭ ላይ እንባቸው ነጭ ቦይ እየሠራ ይወርድ ነበር ይላል። አሰልጣኙ እዚህ ላይ ንግግራቸውን ገታ አድርገው፣ ከእነዚህ ሰዎች ስንቱ ማንበብ ይችል እንደነበር ጠየቁን። ጥቂቱ ብቻ ነበር። ስለዚህም መሪው ስንኙን መስመር በመስመር ያነብላቸው፣ እነርሱም እየተቀበሉ ይዘምሩ ነበር፤ የእኛ ሰው አውጪና ተቀባይ ብሎ ከሚያውቀው አዘማመር ብዙም የሚርቅ አይደለም። ትምህርተ ሃይማኖቱ በቆፋሪዎቹ አፍ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ቻርልስ ዌስሊ በዕድሜ ዘመኑ ከ6,000 በላይ መዝሙሮችን ጽፏል። በፈረስ ሲጓዝ በትንንሽ ካርዶች ላይ በአጭር ጽሕፈት ይጽፍ እንደነበር፣ አንዳንዴም ከፈረሱ ወርዶ ወደ ቤት ሲሮጥ ሰላምታ ከማቅረቡ በፊት ብዕርና ቀለም አምጡልኝ ይል እንደነበር ይተረካል። ከጻፋቸው አንዱ፣ ዛሬ በገና ሰሞን በብዙ አገር የሚዘመረው የመላእክት መዝሙር፣ በ1739 ሲታተም መጀመሪያው መስመር ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። ኋይትፊልድ በ1753 መስመሩን ቀየረው፤ አሁን የሚዘመርበት ዜማ ደግሞ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሰን በ1840 ለሌላ ዝግጅት ከደረሰው ሥራ በ1855 ተወስዶ ተገጠመለት። አንድ መዝሙር በሦስትና በአራት ሰዎች እጅ ከመቶ ዓመት በላይ ሲበስል ማየት፣ መዝሙሬን ለምን ነካችሁብኝ ተባብለን ለምንኳረፍ የአጥቢያ ገጣሚያን ብዙ ያስተምራል።

በዚሁ ቀን ግን አንድ የማልስማማበት ነገር ተነግሯል። አሰልጣኙ የዌስሊ ወንድማማቾች የመጠጥ ቤት ዜማዎችን እየወሰዱ መንፈሳዊ ግጥም ያለብሷቸው ነበር ብለው፣ ይህንን የፈጠራ አምልኮ ዋና ምሳሌ አድርገው አቀረቡት። ነገሩ በየቦታው ስለሚነገር ብዙ ሰው እንደ እውነት ይዞታል፤ አጠቃላይ ልማዳቸው ይህ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ታሪክ ከዚህ የበለጠ ደስ ይላል፤ ላምፕ የተባለ በለንደን ቲያትር ቤቶች የሚሠራ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1746 ለቻርልስ ሃያ አራት መዝሙሮች ዜማ ሠርቶ አሳትሟል፤ ታላቁ ሃንደልም ለሦስቱ ዜማ ደርሷል። የዘመኑ ምርጥ ባለሙያዎች ለከሰል ቆፋሪዎች መዝሙር ሠሩ ማለት ነው። ይህን በእረፍት ሰዓት ለአሰልጣኙ ስነግራቸው በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም በሁሉም ፊት አርመው አቀረቡት። እንዲህ ያለ አስተማሪ ዘንድ መማር ደስታ ነው።

ጆን ዌስሊ በ1761 ለዘማሪዎች ያወጣቸው ሰባት መመሪያዎችም በዚያው ቀን ተነበቡ። ሁሉም ሰው ይዘምር፤ ግማሽ ሞቶ ግማሽ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሳይሆን በሙሉ ኃይል ይዘምር፤ ነገር ግን ከጉባኤው በላይ ለመሰማት አይጩኽ፤ ምቱን ጠብቆ ይሂድ፣ አይቅደም፣ ወደ ኋላም አይጎተት፤ ከሁሉ በላይ በእያንዳንዱ ቃል እግዚአብሔርን እያየ ይዘምር የሚሉ ናቸው። እነዚህን በካርቶን ላይ ጽፌ በመለማመጃ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ከጉባኤው በላይ ለመሰማት አትጩኹ የሚለው ዛሬ ማይክ ለያዝን ሰዎች ከ1761ዱ ይልቅ አስፈላጊ ይመስለኛል፤ በየአጥቢያው ስሄድ የማየው፣ ድምፅ ማጉያው ከፍ ባለ ቁጥር የሕዝቡ አፍ እየተዘጋ መሄዱን ነው።

ሦስተኛዋ ቅዳሜ ስለ ተልእኮ መስፋፋት ነበረች። ብዙ ጊዜ የተልእኮ ታሪክ ሲነገር የተላኩት ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ያልቃል፤ እዚህ ግን የተቀበሉት ሰዎች ቀድመው መጡ። ናትናኤል ጊልበርት የተባለ በካሪቢያን የአንቲጓ ደሴት ባለ ርስት በ1750ዎቹ መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ተጉዞ ሳለ የዌስሊን ስብከት ሰማና ወደ ደሴቱ ሲመለስ በባርነት ለያዛቸው ሰዎች መስበክ ጀመረ። በ1774 ሲሞት ግን ጉባኤው አልተበተነም፤ ሜሪ አሌይና ሶፊያ ካምቤል የተባሉ ሁለት ጥቁር ሴቶች የጸሎቱን ስብሰባ አላቋረጡም ነበርና። ከአራት ዓመት በኋላ ጆን ባክስተር የሚባል የመርከብ ጠጋኝ ወደ ደሴቱ ሲመጣ ያገኘው እነርሱ ያቆዩትን ጉባኤ ነው። የሜቶዲስቶች የተልእኮ መሪ ቶማስ ኮክ ደግሞ በ1786 ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲጓዝ ማዕበል መርከቡን ወደ አንቲጓ ገፋውና ገና ዕለት ማለዳ ወደብ ላይ አደረሰው፤ ባክስተርን መንገድ ላይ ወደ አምልኮ ሲሄድ አገኘው። ኮክ ራሱ በ1814 ወደ ሲሎን፣ ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሲጓዝ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አርፎ አስከሬኑ ወደ ባሕር ወረደ።

ከአፍሪካ የተነሡት ሁለት ምሳሌዎችም በዚሁ መንፈስ የተመረጡ ነበሩ። በ1792 በዛሬዋ ካናዳ ካለችው ከኖቫ ስኮሺያ ተነሥተው ሴራሊዮን የሰፈሩት ነጻ የወጡ ጥቁሮች መካከል ሜቶዲስቶች ከነሰባኪዎቻቸው ነበሩ፤ ከእንግሊዝ የተላከው የመጀመሪያው ሚስዮናዊ የደረሰው በ1811 ነው። ምእመናኑ ሚስዮናዊውን ወደ ሃያ ዓመት ቀድመውታል። ሁለተኛው ምሳሌ ኢኖክ ሶንቶንጋ ነው። በጆሃንስበርግ አቅራቢያ በሜቶዲስት ሚስዮን ትምህርት ቤት መምህርና የመዘምራን መሪ የነበረው ይህ ሰው በ1897 አፍሪካን እንዲባርክ እግዚአብሔርን የሚለምን አንድ መዝሙር ደረሰ። በ1905 በወጣትነቱ ሲሞት እምብዛም የሚያውቀው አልነበረም፤ ዜማው ግን ዛሬ የደቡብ አፍሪካና የታንዛኒያ ብሔራዊ መዝሙር ውስጥ ይሰማል። አሰልጣኙ ዜማውን በኪቦርድ ሲጀምሩት መብራት ጠፋ፤ እርሳቸውም ኪቦርዱን ትተው በድምፃቸው ቀጠሉት፣ እኛም ቃሉን ሳናውቅ በማንጎራጎር ተከተልናቸው። ከዚያ ሁሉ ትምህርት በጆሮዬ የቀረው ያ ሰዓት ነው።

አራተኛዋ ቅዳሜ ስለ ገንዘብ ዕዳ ነበረች ብል አልተሳሳትሁም። በ1742 የብሪስቶል ሜቶዲስቶች የመሰብሰቢያ ቤታቸውን የሠሩበት ዕዳ ስላስጨነቃቸው ምን እናድርግ ብለው ተሰበሰቡ። ፎይ የተባለ የመርከብ ካፒቴን እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ሳንቲም ይስጥ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፣ አይችሉም የሚል ሰው ሲነሣም፣ እንግዲያውስ ከሁሉ ድሃ የሆኑትን አሥራ አንዱን ለእኔ ስጡኝ፣ በየሳምንቱ ቤታቸው እሄዳለሁ፣ ከሌላቸው እኔ እሞላላቸዋለሁ አለ። ሌሎቹም እንደ እርሱ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው ወሰዱ። ገንዘቡን ሊሰበስቡ በየቤቱ ሲገቡ የሰዎቹን ኑሮ አዩ፤ የታመመውን፣ የሰከረውን፣ የተጣላውን አገኙ። የዕዳ መክፈያው ዘዴ በዚህ ምክንያት የነፍስ መጠበቂያ ሆነ፤ የሜቶዲስቶች የአሥራ ሁለት ሰው ምድብ ከዚህ ተነሥቶ ለአንድ ምእተ ዓመት ያህል እንቅስቃሴውን ተሸክሞታል።

በአምስተኛዋ ቅዳሜ ሁለት ልማዶች በተግባር ታዩ። አንደኛው የሌሊት ትጋት ነው፤ የኪንግስዉድ ቆፋሪዎች ቀድሞ ቅዳሜ ሌሊቱን መጠጥ ቤት ያሳልፉ ነበርና፣ ካመኑ በኋላ ያንኑ ሌሊት በጸሎትና በዝማሬ መፈጸም ጀመሩ። የእኛን አዳር ጸሎት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለተኛው ከሞራቪያውያን የተወረሰው የፍቅር ማዕድ ሲሆን፣ ዳቦና ውኃ እየተቀባበሉ ምስክርነት የሚሰጥበት ነው። እኛ በድፎ ዳቦና በሻይ አደረግነው። ወንበሮቹን በክብ አስቀምጠን ዳቦውን ከእጅ ወደ እጅ ስናስተላልፍ፣ ተራው የደረሰው ሰው እየቆረሰ በዚያ ሳምንት እግዚአብሔር ያደረገለትን በአጭሩ ይናገር ነበር።

ተራው ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ ወደነበሩት እናት ሲደርስ፣ ዳቦውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ ቆዩ። ከዚያም በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ በኋላ እዚሁ አዳማ ውስጥ በሰው ቤት እንዴት ይሰበሰቡ እንደነበር ተናገሩ። ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ሲኒው ተደርድሮ፣ ቡናው ተፈልቶ ይቀመጣል፤ በር ቢንኳኳ ቡና ጠጪ ናቸው። መዝሙሩ በትንፋሽ ይዘመራል፤ ጭብጨባው በሁለት ጣት መዳፍ ላይ ነው። እኔ በእረፍት ሰዓት ሄጄ፣ «እማማ፣ በሹክሹክታ ሲዘመር አይከብድም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይ ልጄ፣ ቃሉ የሚሰማህ ያኔ ነው» አሉኝና ሁለቱን ጣታቸውን መዳፋቸው ላይ መታ መታ አድርገው አሳዩኝ።

በዚህ ኮርስ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ የሚነሣው ከዚሁ ነው። አዳማ ለእንዲህ ያለ ትምህርት ባዕድ ከተማ አይደለችም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጡት ሜኖናይት የተባለው የፕሮቴስታንት ወገን ሚስዮናውያን፣ ከተማዋ ናዝሬት በምትባልበት ጊዜ፣ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታልን እዚህ አንቀሳቅሰዋል፣ የሕክምና ረዳቶችንም አሠልጥነዋል። በ1960ዎቹ ሰማይ ብርሃን የተባለው የወጣቶች መነቃቃት የተነሣው በዚህችው ከተማ ነው። ሜኖናይቶች ከሜቶዲስቶች የተለዩ ናቸው፤ ሆኖም ከእነርሱ ሥራ የተነሣችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አምስት ሺህ ያህል የነበሩት ምእመናን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ፣ እንደገና በይፋ ስትከፈት ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው መገኘታቸው ካፒቴን ፎይ ከወሰዳቸው ከአሥራ አንዱ ድሆች ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ሊጠና ይገባው ነበር። አሰልጣኙ ለዚህ የሰጡት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ብሪስቶልን ሁለት ቅዳሜ ካጠናን፣ አዳማን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ልናጠና ይገባን ነበር፤ ያየውና የሰማው ሰው ደግሞ ዳቦ ይዞ መካከላችን ተቀምጦ ነበር።

ሌሎቹ ጉድለቶች ቀላልና የሚታረሙ ናቸው። የተባዛው ጽሑፍ በሁለት አቆጣጠር ተደባልቆ የተጻፈ ስለሆነ፣ አንዳንድ ገጽ ላይ የአውሮፓ ዓመት ዓ.ም. ተብሎ ሰፍሯል፤ ኮርሱን ሳይከታተል ጽሑፉን ብቻ የሚያነብ ሰው በሰባትና በስምንት ዓመት ይሳሳታል። አዳራሹ በስተ ምሥራቅ መጋረጃ የሌላቸው መስኮቶች ስላሉት ከአራት ሰዓት በኋላ በዚያ በኩል መቀመጥ አይቻልም፤ መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል። የኪቦርዱን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ይሻክራል። ሻዩ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ጥሩም ነው።

ስድስተኛዋ ቅዳሜ የተግባር ቀን ነበረች። እያንዳንዱ ቡድን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ለማያውቅ አንድ የተወሰነ ሰው፣ ለምሳሌ ለባጃጅ ሾፌር ወይም ለጉልት ሻጭ፣ የሚሆን አንድ አንጓ መዝሙር እንዲጽፍ ተጠየቀ። የእኛ ቡድን የጻፈው የመጀመሪያ ረቂቅ «ቤዛ»፣ «ኪዳን» እና «ጽድቅ» የሚሉ ቃላት ሞልተውበት ነበር። አሰልጣኙ አንብበው ምንም ሳይሉ መለሱልን፤ ቃላቱን ስንቆጥር የባጃጅ ሾፌሩ በየቀኑ የሚናገረው አንድም አልተገኘበትም። ቃላቱን መጣል አልፈለግንም፤ የያዙትን እውነት በሌላ መንገድ ለመናገር ስንሞክር ሦስት ሰዓት ፈጀብን፣ በመጨረሻም አራት መስመር ብቻ ወጣልን።

ኮርሱን ለማን እንደምመክር ልናገር። የድምፅ ሥልጠና ወይም ሶልፌጅ (ኖታን በድምፅ የማንበብ ልምምድ) ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ እርሱን ሌላ ቦታ ይፈልግ። መዝሙር ለሚጽፍ፣ የቤት ኅብረት ለሚመራ፣ ወይም በአጥቢያው የወንጌል ሥርጭት ክፍልና የመዘምራን ክፍል ለምን እንደማይነጋገሩ ግራ ለገባው አገልጋይ ግን ያለማመንታት እመክራለሁ። ከአንድ አጥቢያ ሁለት ሰው ቢሄድ፣ አንዱ ከመዘምራን፣ ሌላው ከወንጌል ሥርጭት ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል፤ እኔ ብቻዬን ሄጄ የተማርሁትን ለሌሎቹ ለማስረዳት ብዙ ተቸግሬአለሁ። ቀደም ብሎ መድረስና በስተ ምዕራብ በኩል መቀመጥ፣ ጽሑፉ ላይ ያሉትን ዓመታትም አሰልጣኙን እየጠየቁ በእርሳስ ማረም ያስፈልጋል።

እኛም በአጥቢያችን አንድ ነገር ጀምረናል። አዲስ መዝሙር ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት በአንድ የቤት ኅብረት ውስጥ ያለ ማይክና ያለ ኪቦርድ ይዘመራል። ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያውን ይዘን ስንሄድ ቡና ልትጠጣ የገባች አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ ሁለተኛውን አንጓ ስንጨርስ ሦስተኛው መስመር ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችን። ከአምስታችን ሁለታችን የተለያየ መልስ ሰጠናት። መስመሩን ይዘን ተመልሰናል፤ አሁን እየጻፍነው ነው።